በጎቹ የላሱት ግድግዳ

ውድ ወንድሜ፣

በጎቹ ክፍልህን እየበሉት ነበር።

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አላጣሁትም። ሦስት ጊዜ «እንደምን ከርመሃል» ብዬ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ያልጻፈች እህት ዛሬ ተነስታ እንደምን ከረምክ ብትል ማን ያምናታል? ስለዚህ ከበጎቹ ልጀምር። ከእነሱ ከጀመርኩ የቀረው ራሱ ይከተላል፤ በግ መቼም መከተል ያውቅበታል።

ነገሩ የጀመረው አንተ ከሄድክ በኋላ በጣለው የመጀመሪያ ዝናብ ማግስት ነው። የታችኛው መስክ ሣሩ ጉልበት ደርሶ ነበር። ረፋድ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ በጎቹ ሁሉም ባንድ ጊዜ ከሣሩ ቀና አሉ። የጠራቸው የለም፤ ውሻም አልጮኸም። አንድ ባንድ ተሰልፈው ሽቅብ ወጡ፤ በረቱን አለፉት፣ የውሃ ገንዳውን አለፉት፣ ከአንተ ክፍል ጀርባ ዞረው ግድግዳው ፊት ቆሙ። ከዚያ መላስ ጀመሩ።

አንድም አይጮህም፤ አንድም አይገፋፋም። ሰላሳ ምላስ ሸካራ ግድግዳ ላይ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ሰምተህ አታውቅም። ብዙ ሰው ከበር ውጭ ቆሞ በሹክሹክታ የሚመካከር ይመስላል፤ ቃሉ ግን አይያዝም። በእጄ የያዝኩትን እርጥብ አንሶላ እያወዛወዝኩ አባረርኳቸው። ሄዱልኝ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመለሱ፤ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ።

የእማማ ጆሮ እንደ ዘጋ ታውቃለህ። አሁን ጭራሹን ብሶባታል፤ ነጎድጓድም አይሰማት። አንተ ከሄድክ ወዲህ ያንተ ክፍል ገብታ ያንተ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው። «ይሄ ክፍል ፀሐይ አለው» ብላ ነው እንጂ ናፍቃህ አይደለም፤ እንዲያ ነው የምትለው። አንድ ረፋድ ሻይ ይዤላት ስገባ አልጋው ላይ ተንበርክካ መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጥፋ አገኘኋት።

«ወንድምሽ መጣ» አለችኝ።

«የታል?»

«እዚህ ጋ ነዋ። ይሄው ይፍቃል። በሩ ጠፍቶበት ነው፤ ሂጂ ክፈቺለት።»

ጆሮዋ ሥር ተጠግቼ «እማማ፣ በጎቹ ናቸው» ብዬ ጮህኩ።

«በግ በጁ ይፍቃል እንዴ? አንቺ ደግሞ።» ፊቷን መለሰች እንጂ እጇን አላነሳችም።

እኔም መዳፌን ከመዳፏ አጠገብ አደረግኩ። ግድግዳው በጣም በቀስታ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደግሞም ረጥቧል፤ ከውስጥ በኩል።

ሳቅክ? አትሳቅ። እኔም መጀመሪያ ልስቅ ነበር። ነገር ግን ግድግዳው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። «ከሰል» ያልካትን ጥቁሯን በግ ታስታውሳታለህ። መጀመሪያ ዓይኗ ዙሪያ ነጣ፤ መነጽር ያደረገች መሰለችና ሳቅንባት። ቀጥሎ አንገቷ፣ ቀጥሎ ጎኗ፣ በስድስት ወር ውስጥ አመድ ሆነች። ሱፏ መጠቅለሉን ትቶ እንደ ሽቦ ቀጥ አለ። ሌሎቹ ደግሞ አንዷ የሌላዋን ሱፍ እየነጨች መብላት ጀመሩ፤ ተበይዋም ዝም ብላ ትቆምላታለች። በዚያ ሁሉ ሣር መሃል አጥንታቸው ይቆጠራል። ዓይናቸው ያለማቋረጥ እንባ ያፈስሳል፤ ጉንጫቸው ላይ ያለው ፀጉር ሁልጊዜ እርጥብ ነው።

በዚያ ዓመት የተወለዱት ግልገሎች ፊታቸው ይቆማል፤ ኋላቸው አይነሳም። የኋላ እግራቸውን መሬት ለመሬት እየጎተቱ ወደ እናታቸው ሲሄዱ ዓይኔን እጨፍን ነበር። የቆሙት ደግሞ የባሰ ነገር አመጡብኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወደ በረት ላስገባቸው ብዬ እጄን አጨበጨብኩ። እንደ ወትሮው፣ ሁለት ጊዜ። ሦስት ግልገሎች በቆሙበት ወደቁ። ሮጬ ስደርስ ሞተዋል። ደግሞ ከሁሉም ወፍራሞቹ፣ ከሁሉም ጤነኛ የሚመስሉት ነበሩ። እጄን አየሁት።

ከዚያ ወዲህ በግቢያችን የሚያጨበጭብ የለም። በር ስንዘጋ በእጃችን ደግፈን ነው። የገንዳውን ክዳን ጨርቅ አስሬበታለሁ። እንግዳ ሲመጣ ከበር ላይ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ነው የምቀበለው፤ ሰውም መምጣቱን ተወ። እማማ ብቻ ምንም አልተለወጠባትም፤ ለሷ ዓለም ድሮውንም ዝም ያለ ነው።

ሰው ምን አለ መሰለህ? «የወንድሟ እንባ ነው» አለ። «ረግሟት ሄደ።» ሊሰማኝ በሚችልበት ቦታ ቆመው ነው የሚሉት። እኔም በልቤ ተቀብዬው ነበር። እርግማን ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ እርግማን የሌላ ሰው ሥራ ነዋ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ። ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ግን እኔ በአፌ ስናገረው ሰምተህ አታውቅም።

እናንተ የእንስሳት ክትባት የምትሰጡ ሰዎች አንድ ደንብ አላችሁ፤ የሰው በግ ይቀድማል፣ የራስ በግ መጨረሻ ይሆናል። ማንም «ለራሱ ጥሩ ጥሩውን መረጠ» እንዳይል ነው። አንተ ያንን ደንብ አንድም ቀን አላጓደልክም። የዚያን ዓመትም የጎረቤቱን ሁሉ መቶ ሃያ በግ ከትበህ የእኛን ሃምሳ ስድስት ስትጀምር ፀሐይ አዘንብላ ነበር። እኔ ራሴ በጎቹን እየያዝኩልህ ነበር፤ ላብህ አፍንጫህ ጫፍ ላይ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ።

ከወር በኋላ በሽታው ገባ፤ ያው የተከተቡለት በሽታ። የጎረቤት በጎችን ዝም ብሎ አለፋቸው። ከእኛ ሃያ ሦስት ገደለ። ባንድ ቀን፣ ባንድ መርፌ፣ ባንድ ሰው እጅ የተከተቡ ናቸው፤ ታዲያ የእኛ ምን ሆኑ? አስቤ አስቤ መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። የእኛ መጨረሻ ነበሩ። መድኃኒቱ አልቆበታል ማለት ነው። ሰው ፊት ሳጥኑን ባዶ ሆነ ብሎ ከመዝጋት ብልቃጡ ውስጥ ውሃ ጨመረበት፤ የሚጎዳው የራሱ ቤት ስለሆነ ማንም አይጠይቀውም። እንዲህ ብዬ ፈረድኩ። አንዲት ነገር ሳላጣራ፣ አንዲት ነገር ሳልጠይቅህ።

ለሁለተኛው ዙር ሰዉ ሁሉ በጎቹን ይዞ በግ አንድ ባንድ ለመርፌ የሚያልፍበት የእንጨት መተላለፊያ ፊት ተሰልፎ ሳለ መጣሁ። አንተ የበረዶ ሳጥንህን ከፍተህ መርፌ ትሞላ ነበር።

«መድኃኒቱ አልቆብህ ውሃ ነው የወጋሃቸው» አልኩህ። «ለሰው መድኃኒት፣ ለቤትህ ውሃ።»

«እትዬ፣ ቤት እንነጋገር» አልከኝ፤ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ።

«የምን ቤት? ምን ቤት አስቀረህልን?»

ባለ ከዘራው ጎረቤታችን በጉን አንገቱን ይዞ ከሰልፉ ወጣ። ከሱ ቀጥላ ባለ ሱቋ። ከዚያ ሌሎቹ፣ አንድ ባንድ፣ አንተን ላለማየት መሬት መሬት እያዩ። አንተ የሞላኸውን መርፌ በእጅህ እንደያዝክ ቆመህ ቀረህ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የኔ ደግሞ ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ ሳምንት ሙሉ ሳብላላው የከረምኩት ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ቀናት ሦስት ጊዜ በሬን አንኳኩተሃል። ሦስቱንም ሰምቻለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ አልከፈትኩም። በስድስተኛው ቀን ማለዳ በሩን ስከፍት አንተ ሄደሃል፤ ደጃፌ ላይ አንድ ቀይ የጨው ጡብ ተቀምጧል።

ስለ ጨው ልናገር። አንተ ታውቀዋለህ፤ ሆኖም መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ።

አባታችን በሕይወት ሳለ በረቱ ውስጥ ሁልጊዜ ቀይ የጨው ጡብ ነበር፤ በጎቹ እንዲልሱት። ለምን ቀይ እንደሆነ ማናችንም ጠይቀነው አናውቅም። እሱ ከሞተ በኋላ በጎቹን እኔ ያዝኩ፤ አንተ በየመንደሩ ለክትባት ትዞር ነበር። ያ ቀይ ነገር አፋቸውንና አንገታቸውን ያቀልመዋል። የሱፍ ነጋዴው አንድ ዓመት ሱፋችንን ከፊተኛው ረድፍ አውርዶ ከኋላ ጣለው፤ «እድፍ ነው» ብሎ፣ በሰው ፊት። አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። በማግስቱ ቀዩን አውጥቼ ነጭ ጨው አስገባሁ፤ ወጥ ቤት የምንጠቀምበትን፣ ንጹሑን። ለአንተ አልነገርኩህም። ደብቄህ አይደለም፤ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። በቀጣዩ ዓመት ሱፋችን እንደ ጥጥ ነጭ ሆነ፤ ነጋዴውም አመሰገነኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው።

እንግዲህ ያንን ቀይ ጡብ ደጃፌ ላይ ሳየው ምን እንደመሰለኝ ልንገርህ። ሽሙጥ መሰለኝ። «በጎቹን ያስራብሽው አንቺ ነሽ» ልትለኝ፣ ሄደህም ከላይ ልትሆን። አነሳሁትና ባለ በሌለ ኃይሌ ከክፍልህ ጀርባ ወረወርኩት። ግድግዳው ላይ ተፈርክሶ ሥሩ ተበተነ። ዞሬም አላየሁት። ከዚያ ዝናቡ መጣ።

አሁን ወደ ግድግዳው። ሁለት ዓመት ሙሉ ላሱት። ምርጊቱ አለቀ፤ ጭቃው አለቀ፤ እንጨቱ ወጣ። አጥር አጠርኩ፤ አጥሩን አልፈው ላሱት። ባለፈው የበጋ ወር፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የእማማን አልጋ ላነጥፍ ስገባ እሷ በተለመደው ቦታዋ ተንበርክካለች። እጇ ግን እንደ ሌላው ቀን ግድግዳው ላይ አልተለጠፈም። ከፊቷ ተዘርግቷል፤ መዳፏ ወደ ላይ ነው።

ግድግዳው ተቀድዶ ነበር። በቀዳዳው ውስጥ አንድ ምላስ ገብቷል። ከምላሱ በቀር ምንም አይታይም፤ አፍ የለው፣ ፊት የለው፣ ግራጫና ረጅም ሆኖ አየሩን ይፈልጋል። እማማ መዳፏን አቀረበችለት። ላሳት። ከአንጓዋ እስከ ጣቶቿ ጫፍ በቀስታ፣ ምንም ሳያስቀር።

«ርቦታል» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ወንድምሽ ርቦታል። ምን አድርገሽው ነው?»

የያዝኩትን አንሶላ ጥዬ ወጣሁ። ወደ ጀርባ ዞርኩ። በጎቹ አልሸሹኝም፤ መንገድ ለቀቁልኝ። ከግድግዳው ሥር ክንዴን የሚውጥ ጉድጓድ ልሰው ቆፍረዋል፤ ጠርዙ በእጅ የተወለወለ ይመስላል። እጄን ሰደድኩ። ከታች ጣት የምታህል ቀይ ስባሪ አገኘሁ። አውጥቼ መዳፌ ላይ ሳደርጋት ሰላሳ ራስ ባንድ ጊዜ ወደኔ ዞረ። ከሰል ናት መጀመሪያ የመጣችው፤ ጨርሳ ነጥታለች። መዳፌን እስክትጨርሰው ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ያን ጊዜ አወቅኩት። ማንም አልነገረኝም፤ ምላሷ ነገረኝ።

በዚያ ሳምንት የሞተውን ግልገል ጉበት በበረዶ ይዤ የእንስሳት ላቦራቶሪ ሄድኩ። ረጅም ኮሪደር ነው፤ የመድኃኒት ሽታ አለው፣ ማቀዝቀዣዎቹ ያጉተመትማሉ። ሐኪሟ ቀጭን ሴት ናት፤ መነጽሯን በክር አንጠልጥላለች። ከአሥር ቀን በኋላ ውጤቱን ልወስድ ስመለስ ወንበር ሳበችልኝ። ሐኪም ወንበር ሲስብ መልካም አይደለም።

«ጉበቱ ውስጥ መዳብ የለም ማለት ይቻላል» አለችኝ። «ሌሎቹ ማዕድናት፣ ሴሊኒየምም ኮባልትም፣ እንዲሁ። ሣርዎ ያማረ ነው ይላሉ፤ ሊሆን ይችላል። መሬቱ ከሌለው ሣሩ ከየት ያመጣዋል? በዚህ አካባቢ ያለ በግ በሙሉ ይህን የሚያገኘው ከቀዩ ጨው ነው። የሚያስፈልገው ቅንጣት ታህል ነው፤ ቅንጣቷ ስትጠፋ ግን ይሄው ነው።»

«ተከትበው ነበር» አልኳት። «ተከትበው ነው የሞቱት።»

«ይሞታሉ። ክትባት ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙን የሚፈጽመው የበጓ ገላ ነው። ገላዋ እነዚህን ካጣ ትእዛዙን ይሰማል፣ ግን ምንም አያደርግም። በዓለም ላይ ያለውን ምርጥ መድኃኒት ቢወጓትም ያው ነው። ከታቢው ምንም አላጠፋም።»

ያቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ዝም ብላ ነው የተናገረቻት፤ እንደ ማንኛውም ነገር። እኔ ወንበሩን ያዝኩ። እሷ ወረቀቱን ልትሰጠኝ አድራሻችንን ስታነብ ቆም አለች።

«ይህን ቦታ አውቀዋለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ በክትባት ሳጥን ጉበት ይዞ የመጣ ሰው ነበር። ውጤቱም ይኸው ነበር። ቆሞ አነበበው።»

«ወንድሜ ነው።»

«መኖውን ማን ነው የሚቆጣጠረው አልኩት። እኔ ነኝ አለኝ። ጨዉን የቀየረው ማነው አልኩት፤ እሱም እኔ ነኝ አለኝ። ተቆጣሁት። እንዴት የራስህ ሙያ እያለህ ብዬ ተቆጣሁት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ አመስግኖኝም ሄደ።» መዝገቡን ገልጣ ወደኔ አዞረችው።

ጽሑፍህን አወቅኩት። «ጨው የቀየረው፤ እኔ» ይላል፤ ፊርማህ አለበት። ቀኑን አየሁ። ከመሄድህ አንድ ቀን በፊት ነው።

ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህና መጀመሪያ የተሰማኝ ጸጸት አይደለም። ንዴት ነው። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ወረቀቱን ጭኜ ላይ ይዤ ስናደድብህ ነው ቤት የደረስኩት። ሆድ ይፍጀው ብለህ ዝም አልክ፤ ሆድህ ይፍጀው፣ ግልገሎቹስ ምን አደረጉ? ሁለት ዓመት ኋላቸውን እየጎተቱ የሞቱት? መንገድ ላይ ይዘህ አትጮህብኝም ነበር? በሩን ሰብረህ አትገባም ነበር? ከዚያ ወደ ቤት ስቃረብ ለራሴ መለስኩ። ሦስት ጊዜ አንኳኩተሃል። ወረቀቱን በበሩ ሥር ብታስገባው ሳላነብ እቀደው ነበር፤ ራሴን አውቃታለሁ። በሰው ፊት ብትነግረኝ ደግሞ እኔ አንተን ያደረግኩህን ታደርገኝ ነበር። ያንን አልፈለግክም። ስለዚህ መልሱን ያለ ቃል ደጃፌ ላይ አስቀመጥክልኝ፤ እኔም ወረወርኩት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል እስቅ ነበር።

ቀዩን ጨው መለስኩ። ሐኪሟ አስጠንቅቃኛለች፤ «ጸጸትዎን በጨው እንዳያካክሱ፣ መዳብ ለበግ ሲጎድልም ይገድላል፣ ሲበዛም ይገድላል» ብላ። እሷ እንዳዘዘችኝ በልክ ነው የምሰጠው። በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ከክፍልህ ጀርባ ሄጄ ቆምኩ። አንድም በግ አልመጣም። ታች መስኩ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይግጣሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ያ ሹክሹክታ ሲጠፋ ግቢው ሰው የወጣበት ቤት ሆነብኝ።

እማማ መዳፏን ግድግዳው ላይ እንዳደረገች ጠበቀች። ጠበቀች።

«ዛሬ የት ሄደ?» አለችኝ።

ቀዳዳውን ልደፍነው ጭቃ አቡክቼ ስመጣ «ተይው» ብላ እጄን መታችኝ። እስከ ዛሬ እንደተከፈተ ነው፤ ነፋስ ይገባበታል። በየረፋዱ ትጠይቀኛለች፤ ዛሬ የት ሄደ፣ ዛሬስ የት ሄደ። መጠየቅ በጀመረች በአራተኛው ቀን አልቻልኩም። ጆሮዋ ላይ አፌን ገጥሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ነጩን ጨው፣ ውሃ ያልኩህን፣ መዝገቡን። እየጮህኩ መናዘዝ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አታውቅም። ስጨርስ ፊቷን ከግድግዳው ወደኔ መለሰች።

«ታዲያ እሱን ለኔ ትጮሂልኛለሽ?» አለችኝ። «እኔ ከሰልፉ ወጥቼ ነበር እንዴ? ለወጡት ጩኺላቸው።»

ባለፈው ሳምንት የክትባት ቀን ነበር። አዲሱ ከታቢ መጥቷል፤ ሰዉ መተላለፊያው ፊት ተሰልፏል። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቀን ከቤት አልወጣም ነበር። አሁን ሄድኩ፤ ያኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ቆምኩ፤ ወረቀቱን አወጣሁ። ለበጎቹ ብዬ ዝቅ አድርጌ መናገር ለምጄ ኖሮ ድምፄ አልወጣ አለኝ። እንደገና ጀመርኩ። «ወንድሜ ውሃ አልወጋም» አልኩ። «መድኃኒቱ መድኃኒት ነበር። በጎቻችንን ባዶ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ፤ ጨዉን የቀየርኩት እኔ ነኝ። እሱ ይህን አውቆ ነው ዝም ብሎ የሄደው።» ሁሉም መሬት መሬት ማየት ጀመረ፤ ያኔ እንዳየው።

ባለ ከዘራው ጎረቤታችን ነው መጨረሻ ላይ የተናገረው።

«መጀመሪያ ከሰልፉ የወጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ ልጄ።»

ከዚያ ወደ ጎን ሳብ አደረገኝና ያለህበትን ነገረኝ። በእህቱ መንደር እንደምትከትብ ከዓመት በፊት ሰምቶ አይቶህ ኖሯል። አፍሮ ነው ያልነገረኝ።

«ምን ይመስላል?» አልኩት።

«እሱማ ያው ነው። ግን አንድ ነገር ለምዷል። ሰው በጉን ይዞ ሲቀርብ ሳጥኑን አይከፍትም። በመጀመሪያ ይጠይቃል። ምን ጨው ነው የምታልሳቸው ይላል። ነጭ ያለውን ቀዩን ስጥና ከሁለት ወር በኋላ ና ብሎ ይመልሰዋል። ሁሉንም፣ አንድ ሳይቀር። ሰዉ ትንሽ ነካ ያደርገዋል ይላል።»

«እርስዎንስ አወቀዎት?»

«እንጃ። ቀና ብሎ ሰው አያይም። የበጉን ዓይን ነው የሚያየው። የእህቴን በግ ይዤ ስቀርብ እኔንም እንደ ሌላው ጠየቀኝ፤ ቀዩን አልኩት። ሳጥኑን ከፈተልኝ።»

ሐሙስ ሐሙስ እንደምትከትብ ሰምቻለሁ። ይህን ደብዳቤ ቀድሜ የላክሁት ድንገት አይተኸኝ እንዳትደነግጥ ነው። ልታየኝ ካልፈለግክም ያን ቀን ሌላ ቦታ ዋል፤ አልከተልህም፤ አልቀየምህም። እማማን አላመጣትም። የእሷን እጅ ይዤ ልለምንህ አልፈልግም፤ የኔን ጥፋት ይዤ ነው የምመጣው። የዚያ መንደር ሰው ያንተን ጥያቄ የእብድ ጥያቄ ነው ይላል አሉ፤ ለምን እንደምትጠይቅ ከኔ ይስማ።

ሁለት በግ ይዤ እንደ ማንም ሰው ሰልፉ ውስጥ እቆማለሁ። ተራዬ ሲደርስ ቀና ብለህ ባታየኝም ምንም አይደለም። ብቻ እህቴ ናት ብለህ ሳጥኑን እንዳትከፍትልኝ። እንደ ሌላው ሁሉ ጠይቀኝ። ሰው እንዲሰማ ጮክ ብለህ ጠይቀኝ፣ ወንድሜ፤ እኔም ጮክ ብዬ እመልስልሃለሁ።

ጨዉን የቀየረችው እህትህ